ዘንቢላችንን ማን ወሰደው?

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ፣ በየታክሲውና በየሱቁ ደጃፍ የሰማሁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር። «ታዲያ በምን ልንይዝ ነው?» ቲማቲሙን በምን? ስኳሩን በምን? ሥጋውንስ? ጥያቄው ከልጅ ቢመጣ ባልገረመኝ ነበር። የገረመኝ ጠያቂዎቹ የእኔ እኩዮች፣ አንዳንዶቹም ከእኔ የሚበልጡ መሆናቸው ነው። እናታቸው ዘንቢል አንጠልጥላ ገበያ ስትወርድ ነጠላዋን ይዘው የተከተሉ ሰዎች እኮ ናቸው! ዛሬ ያለ ፌስታል እንዴት ይኖራል ብለው ይጨነቃሉ።

ነገሩ ሲያዩት ያስቃል፤ ሲያስቡት ግን ቁም ነገር አለው። አንድ ሕዝብ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረውን ነገር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊረሳው ይችላል ማለት ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ያንኑ የረሳውን ነገር ከሩቅ አገር እንደመጣ አዲስ ጥበብ አድርጎ ይማረዋል። «መያዣህን ከቤትህ ይዘህ ውጣ፣ ዕቃህን ደግመህ ተጠቀምበት፣ የተበላሸውን አስጠግን፣ የተረፈህን ምግብ አትድፋ።» በስብሰባ አዳራሽና በሬዲዮ ፕሮግራም የሚነገረን አካባቢን የማይጎዳ አኗኗር ሲጨመቅ ይኸው ነው። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ ይህ ምክር ለእኛ ቤት እንግዳ ነው? አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

ድሮ እያንዳንዱ ነገር የራሱ መያዣ ነበረው። እህል በስልቻና በአቁማዳ፣ ውሃ በእንስራ፣ ጠላ በጋን፣ ወተት በቅል፣ እንጀራ በሞሰብ፣ ቅቤ በኮባ ቅጠል። ከገበያ የሚመጣው ኮተት ሁሉ ደግሞ በዘንቢል። ልብ ይበሉ፣ እነዚህ ዕቃዎች አርጅተው ሲያበቁም የሚሄዱበት ቦታ ነበራቸው። የኮባው ቅጠል ጓሮ ይጣላል፣ አፈር ይሆናል። ቅሉ ሲሰነጠቅ ይሰፋል፤ መሰፋትም ሲያቅተው ምድጃ ውስጥ ይገባል። የእንስራው ስባሪ እንኳ ገል ተብሎ ስም ወጥቶለት ከጎረቤት እሳት ይጫርበታል። የተሰበረ ዕቃ ስም አውጥቶ ሥራ የሚሰጥ ቤት «ቆሻሻ» የሚለው ነገር ብዙም አልነበረውም።

ወደ ከተማም ስንመጣ ልማዱ ቶሎ አልጠፋም። በደርግ ዘመን ስኳርና ዘይት በኩፖን ሲታደል፣ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው ኩፖኑንም መያዣውንም ይዞ ነበር የሚቆመው። ዘይት ከበርሜል በጠርሙስ ይቀዳል። ላምባም እንደዚያው። ቆሎና ለውዝ ከአሮጌ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። ቆሎውን ከጨረስን በኋላ የማናውቀውን ተማሪ የሒሳብ ውጤት ስናነብ ያደግን ብዙ ነን። ለስላሳ መጠጥ የፈለገ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፤ ከሌለው ማስያዣ ያስይዛል። ያ ጠርሙስ ተመልሶ ፋብሪካ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ተሞልቶ ይመለሳል። ዛሬ በሠለጠነው ዓለም ይህንኑ የማስያዣ ሥርዓት ለመዘርጋት ሕግ ይረቀቃል። እኛ ሰፈር ግን ባለሱቁ ያለ ሕግ በእርሳስ ጽፎ ያስተዳድረው ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የቆርቆሮ ታሪክ ነው።

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የውጭ ዕቃ በብዛት መግባት ጀመረ። የጣራ ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ ጣሳ፣ ብረታ ብረት ከተማውን ሞላው። ሌላው ዓለም ውስጡ ያለውን ተጠቅሞ የሚጥለውን ጣሳ የእኛ ሰው ምን አደረገው? መስፈሪያ አደረገው! እስከ ዛሬ በገበያችን «ጣሳው ስንት ነው?» ብለን እህል የምንገዛው በዚያ በባዶ ዕቃ ስም ነው። ጠርዙ ታጥፎ፣ እጀታ ተበጅቶለት ኩባያ የሆነም አለ። ያረጀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ሆነ፤ ስንቱ ገበሬ፣ ስንቱ ወታደር፣ ስንቱ ተማሪ በእሱ ረጅም መንገድ ተጓዘበት።

ይህን ሁሉ ከየቤቱ እየሰበሰበ ወደ ገበያ የሚያደርስ ሰውም ተፈጠረ። ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ በጠዋት «ቁራሌው!» እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ሰው ማለቴ ነው። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ ተሸራርፎ የመጣ ነው ይባላል። በሩ ላይ የሚደረገውን ክርክር የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም።

«ና እስቲ አንተ ልጅ፣ ይቺን ድስት ስንት ትወስዳታለህ?»

«እትዬ፣ ይቺማ ተበስታለች እኮ።»

«ባትበሳ ለአንተ እሰጥህ ነበር? ይልቅ ክብደቷን አታይም?»

«እሺ፣ ለእርስዎ ስል አንድ ብር ልጨምር።»

ቀጥሎ ደግሞ «ልዋጭ!» ባዩ ይመጣል። እሱ ገንዘብ አያወጣም። ሳፋውን፣ ጆጉን፣ ኩባያውን ተሸክሞ ይመጣና በአሮጌ ኮትና በአሮጌ ጫማ ይለውጣል። ኮቱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቁልፍ ተተክሎለት ለሌላ ሰው አዲስ ልብስ ይሆናል። ብረቱ፣ ጠርሙሱና ጄሪካኑ ደግሞ መርካቶ ይገባል። መርካቶ ውስጥ ሰፈሩ ራሱ «ምን አለሽ ተራ» ተብሎ የተጠራው በዚሁ ጥያቄ ነው፤ ምን አለሽ? እዚያ በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ ማንከሽከሻና ምጣድ ሲሆን የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ይበጥሳል። ጥናት አልቀረበበትም፣ ዓውደ ጥናት አልተካሄደበትም። ግን ከአንድ ቤት የወጣ ዕቃ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት ሙሉ ሥርዓት ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። «የድሮ ሰው ብልህ ነበር፣ እኛ ተበላሸን» ብሎ መደምደም ይቀላል፤ አንባቢም ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል። ግን እውነቱ ሙሉ አይሆንም።

አንደኛ ነገር፣ የዚያ ሁሉ ቁጠባ እናት እጦት ናት። በረባሶ የሚጫማው ሰው የጎማን ዕድሜ ለማራዘም አስቦ አይደለም፤ ቆዳ ጫማ መግዛት ስላልቻለ ነው። ከሆቴል የተራረፈ ምግብ «ቡሌ» ተብሎ ለድሃ ሲሸጥ ኖሯል። ምግቡ ስላልተደፋ ብቻ ይህንን አካባቢን መንከባከብ ነው ብለን ብናሞግሰው ግፍ ነው። ችግርን ማስዋብ አያስፈልግም።

ሁለተኛ ነገር፣ እነዚያው ጣሳ የማይጥሉ ሰዎች ደን ሲጥሉ አይራሩም ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው የአገር በቀል ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተጨፍጭፎ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። የነገሥታቱ መናገሻ ከቦታ ቦታ ሲዛወር ከኖረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የማገዶ ማለቅ ነው። እንጨቱ ሲርቅ ከተማው ይነሳል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አዲስ ዓለምን ሊቆረቁሩ ግንባታ አስጀምረው ነበር። አዲስ ዓለም ማርያም የዚያ ሐሳብ ቅርስ ናት።

ታዲያ አዲስ አበባ ለምን ቀረች? አንዱ መልስ ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ለማስመጣቱ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ንጉሠ ነገሥቱም ሰው እንዲተክለው አበረታቱ፤ ከተማዋም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የባሕር ዛፍ ጫካ መሰለች። ዋና ከተማዋን ከመሰደድ ካዳኗት ነገሮች አንዱ ዛፍ ነው ማለት እንችላለን። እርግጥ ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩ ሌላ አያስበቅልም የሚለው ወቀሳም ያኔ ጀምሮ አልተለየውም። ይሁንና ችግሩ ከእንጦጦ ቁልቁል ጀርባዋ እስኪጎብጥ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ በወረደችው ሴት ላይ ነበር እንጂ ባለወንበሩ ላይ አልነበረም። ከተማው የቆጠበውን እሷ ተሸክማዋለች።

ከዚህ ታሪክ እኔ የማወጣው ትምህርት አንድ ነው። ሰው የሚቆጥበው ውድ የሆነበትን ነገር ነው። ጣሳ ውድ ስለነበር ጣሳ ቆጠብን፤ ዛፍ በነፃ የተገኘ ስለመሰለን ዛፍ ፈጀን። ዛፉ ሲርቅና ሲወደድ ደግሞ መትከል ጀመርን። ስለዚህ «አባቶቻችን ተፈጥሮን ይወዱ ነበር፣ እኛ ጠላን» የሚለው ተረት ብዙ አያራምደንም። የሚያራምደን ጥያቄ ሌላ ነው፤ ዛሬ በነፃ የመሰለን ነገር የቱ ነው? ዋጋውንስ ማን እየከፈለልን ነው?

በነፃ የመሰለን ነገር ፌስታል ነው።

የፌስታልን ታሪክ ያየ ሰው ይገረማል። ፖሊኢትሊን የሚባለው ፕላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዝ አገር በሚገኝ ቤተ ሙከራ በአጋጣሚ ተገኘ። ዛሬ የምናውቀውን ባለ ሁለት ጆሮ ከረጢት የፈጠረው ደግሞ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው፤ ሴሎፕላስት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1965 የባለቤትነት መብት አገኘበት። የሰውየው ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደተናገረው፣ አባቱ ከረጢቱን ሲሠራ ያሰበው ሰው ደጋግሞ እንዲይዘው ነበር። ለወረቀት ከረጢት የሚቆረጠውን ዛፍ ለማዳን ነው የተሠራው። ቱሊን ራሱም አንዱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር ይባላል። አያችሁ ጉዱን! ፌስታል ሲወለድ ዘንቢል ሆኖ ነው የተወለደው። አንዴ ይዘን የምንጥለው ያደረገው ርካሽነቱ ነው።

ወደ እኛም አገር ገበያው ለውጭ ዕቃ ይበልጥ ሲከፈት፣ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በብዛት ገባ። መጀመሪያ እኛም በወጉ ተቀበልነው። ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ታጥፎ ፍራሽ ሥር ይቀመጣል። የውሃ መያዣ ፕላስቲኩም እንደዚያው ነበር። «ሃይላንድ» የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሕዝቡ የማንኛውም ፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ አደረገው። ጠበል በሃይላንድ፣ አረቄ በሃይላንድ፣ ዘይት በሃይላንድ። በገጠር መንገድ ዳር ያሉ ልጆች መኪና ሲያዩ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጡ የነበረው ውሃውን ፈልገው አይደለም፤ ባዶውን ዕቃ ነው። ቱሪስቱ ቆሻሻ ብሎ የሚወረውረው ለልጁ የትምህርት ቤት ውሃ መያዣ ነበር። ያው የጣሳው ታሪክ ነው የተደገመው።

ግን እየቆየ ዕቃው ከእኛ ቁጠባ በላይ በዛ። ሻጩ ሳይጠየቅ ይሰጣል። አንድ ኪሎ ሽንኩርት በአንድ፣ ሁለት ሎሚ በሌላ፣ ሁለቱን ደግሞ በሦስተኛ ፌስታል። ቤት ስንደርስ ከሽንኩርቱ ይልቅ ፌስታሉ ይበዛል። ዘንቢል ይዞ መውጣትም ቀስ በቀስ የድህነት ምልክት፣ የባላገር ምልክት ሆነ። ዘንቢላችንን የወሰደው ሌባ አይደለም፤ እኛው አፍረንበት ነው ከበር ኋላ ያስቀመጥነው። አፈር ውስጥ ለዘመናት የማይበሰብሰው ፌስታል የውሃ መውረጃ ቦይ ደፈነ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ወንዝ ይሆናል። ሜዳ ላይ የወደቀውን ከብትና ፍየል ይበላዋል፤ ሲታረዱ ሆዳቸው ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

የቀረውስ የት ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ነው ዋናው። «ጣልኩት» ስንል የት ነው የጣልነው?

ለአዲስ አበባ መልሱ ከሃምሳ ዓመት በላይ አንድ ስም ነበረው፤ ቆሼ። ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ረጲ የሚገኘው የቆሻሻ መድፊያ። ሲከፈት ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማው ሰፍቶ ከበበው። ከእኛ ቤት የወጣው ሁሉ እዚያ ይቆለላል፤ ሰዎች ደግሞ ከቁልሉ ውስጥ ብረቱን፣ ፕላስቲኩን፣ የሚሸጥ የሚለወጠውን ሁሉ ሲለቅሙ ይውላሉ። ከጥጉ ቤት ሠርተው የሚኖሩም ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ሰንዳፋ አካባቢ ወደ ተሠራ አዲስ ቦታ እንዲዛወር ተሞከረ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ሥራው ቆመ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ገበሬው ምን አጠፋ? የከተማ ሰው «ጣልኩት» ያለውን «እኔ ጓሮ አይሆንም» አለ እንጂ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ያ የቆሻሻ ተራራ ተደረመሰ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እነዚያ ሰዎች የሞቱት በመሬት መንቀጥቀጥ አይደለም፤ በጎርፍም አይደለም። ከየቤታችን በወጣ ልጣጭ፣ ፌስታል፣ ትርፍራፊ ምግብና አመድ ሥር ተቀብረው ነው። ይህን ስጽፍ ቃል እየመረጥኩ ነው፤ ግን ሌላ አገላለጽ አላገኘሁለትም። በነፃ የመሰለንን ነገር ዋጋ ማን እንደከፈለ የጠየቀ ካለ፣ መልሱ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሮች አልቆሙም። እዚያው ረጲ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ፤ የታቀደውም በቀን እስከ 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ነው። ጥሩ ነው። ግን ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የማድ ቤት እርጥብ ነገር ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ እንኳን ለፋብሪካ ለምድጃም አይመችም። ሕግም ቢሆን የጠፋበት ጊዜ የለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በእጃችን ሲገባ የነበረውን ስስ ፌስታል የምናውቅ ሰዎች ሕጉ ምን ያህል እንደሠራ እናውቃለን። ገበያ ላይ ፌስታሉን በሚሊ ሜትር የሚለካ ሰው የለማ!

ሌሎች ግን አድርገውታል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ከለከለች፤ የገቢ መንገደኛ ሻንጣ ሳይቀር እየተፈተሸ ፌስታሉ ይወሰዳል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 እስከ አራት ዓመት እስር የሚያስቀጣ ክልከላ አወጀች። የእኛም የ2017ቱ አዋጅ ከውፍረት መለካት አልፎ ራሱን ፌስታሉን ነው ያነሳው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ቅጣት ሰውን ፌስታል ሊያስጥለው ይችላል እንጂ ዘንቢል አያስይዘውም። ያኛው ከቤት ነው የሚጀምረው።

ታዲያ ከቤት ምን እናድርግ? አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ይጠብቅ ይሆናል። እኔ ያለኝ ትንንሽ ነገር ነው፤ ደግሞም ሁሉም የሚታወቅ ነው።

ዘንቢሉን፣ ወይም የጨርቅ ቦርሳውን፣ ከበሩ ኋላ ቁልፉ ከሚሰቀልበት ጎን እንስቀለው። ቤት ውስጥ እያለ የሚረሳው መያዣው ሩቅ ስለሆነ ነው። ሥጋና ዓሣ ለመግዛት ክዳን ያለው ዕቃ ይዘን እንሂድ፤ ሥጋ ቤቱ መጀመሪያ ቀን ይገረማል፣ በሦስተኛው ይለምደዋል። ዘይት በሊትር የሚቀዳበት ካለ ጠርሙሳችንን ይዘን እንቅዳ።

የማድ ቤቱን እርጥብ ነገር፣ ልጣጩን፣ የቡናውን አተላ ለብቻው በአንድ ባልዲ እንለየው። ግቢ ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ አፈርና ደረቅ ቅጠል እየመለሰበት ከጥቂት ወራት በኋላ ለጎመኑ ማዳበሪያ ያገኝበታል። ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ሰውም ክዳኑ በተበሳሳ ባልዲ ለአበባ ማሰሮው የሚበቃ አፈር ያወጣል። ይህ ነገር ቀላል አይምሰለን። የቆሻሻ ክምርን የሚያከብደው፣ የሚያሸተው፣ ተቀጣጣይ ጋዝ የሚያመነጨው ይኸው እርጥቡ ክፍል ነው። ከሌላው ሲለይ ደግሞ ወረቀቱና ፕላስቲኩ ንጹሕ ሆኖ ይተርፋል፤ የሚገዛውም ያገኛል።

የተረፈ እንጀራ ዛሬም ፍርፍር፣ ነገ ድርቆሽ መሆኑን አንርሳ። አንዲት እንጀራ ስትደፋ የሚደፋው ጤፉ ብቻ አይደለም፤ ያረሰው በሬ ድካም፣ የወፍጮው ነዳጅ፣ የምጣዱ እሳትም አብሮ ይደፋል። በእንጨት የምንጋግር ከሆነ በ1980ዎቹ እዚሁ አገራችን የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ውስጡ በሸክላ የተለበደው ላቀች የከሰል ምድጃም ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ይቆጥባል። በኤሌክትሪክ የሚጋግር ደግሞ ምጣዱ ከጋለ አይቀር የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ቢጋግር ቆጣሪው ይመሰክራል። ጥቂት ነው? ጥቂት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ግን እሳቱ ጥቂት ሳለ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ቢለወጥ እመርጣለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ከተማችንን ከቆሻሻ ያተረፉልንን ሰዎች የምናይበት ዓይን። «ቁራሌ» ስድብ ሆኖ ኖሯል። ልጅ ሲያስቸግር «ለቁራሌው እሰጥሃለሁ» እየተባለ ይስፈራራል። ቆሻሻ ለቃሚ ሲባልማ ሰው መሆኑም ይረሳል። እነዚህ ሰዎች ግን የሚያነሷት እያንዳንዷ ኪሎ ብረትና ፕላስቲክ ከክምሩ ላይ የቀነሰች ኪሎ ናት። በአዳራሽ የሚሰበሰቡት ባለሙያዎች የሚመኙትን ሥራ በባዶ እጃቸው፣ ያለ ጓንት፣ ሲሠሩት ኖረዋል።

እጦት ያስተማረን ልማድ እጦቱ ሲቀንስ አብሮ ይሄዳል፤ ሲሄድም አይተነዋል። ልጆቻችን ጣሳ የማይጥሉት ጣሳ ስለቸገራቸው እንዲሆን አልመኝም። አይቸግራቸው። ልማዱ ግን ቢቀር ሳያጡ መቆጠብን ማወቅ ይኖርባቸዋል፤ ለዚያ ደግሞ ምክንያቱን ማወቅ አለባቸው። ምክንያቱ ከሰማይ የራቀ ሐሳብ አይደለም። እኛ የጣልነውን የሚያነሳ እጅ አለ፤ ከጣልነው ሥር የሚኖር ሰው አለ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ብርጭቆ ቢሰበር፣ ስባሪውን ከሌላው ቆሻሻ ጋር ከመደባለቃችን በፊት በወፍራም ካርቶን እንጠቅልለው። በላዩም «ስባሪ ነው፣ ተጠንቀቁ» ብለን እንጻፍበት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ቀስ ብለን እንደርስበታለን።